እናቴ ሥራ ላይ የታመመችባቸው ስልሳ ሦስት ቀናት

የሃድልስተን አውራጃ ሸሪፍ ጽሕፈት ቤት
የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ኬልሲ አን ስካግስ
ዕድሜ፦ 26
ሥራ፦ የባዮሎጂ መምህርት፣ ሃድልስተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት
አድራሻ፦ ክሊር ክሪክ፣ ኦልድ ሚል መንገድ፣ የቤት ቁጥር 118
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ፣ ጁላይ 18 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.)፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ዳሬል ኮምስ
ጉዳዩ፦ በወይዘሮ ዊልማ ሬትሊፍ ላይ የቀረበ፣ በሰዓት ፊርማ ወረቀት ላይ ሐሰት አስፍረዋል የሚል አቤቱታ

ከላይ ስሜና አድራሻዬ የተጻፈው እኔ፣ የምሰጠው ቃል ፍርድ ቤት ሊቀርብ እንደሚችልና ሐሰት ሆኖ ቢገኝ እንደሚያስቀጣኝ ተነግሮኝ የማውቀውን እንደሚከተለው አስረዳለሁ። አቤቱታ የቀረበባቸውን ወይዘሮ ዊልማ ሬትሊፍን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። በከተማችን ሁሉም ሰው ሚስ ዊልማ ስለሚላቸው እኔም በዚህ ቃል እንዲሁ እጠራቸዋለሁ። የክሊር ክሪክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጥ ቤት ኃላፊ ናቸው። ዝምድና የለንም። ጠብም የለንም፤ ሊኖረን ግን ይገባ ነበር፣ ምክንያቱም እዚህ ያደረሳቸው የእኔ ጽሑፍ ነው።

እናቴ ዶና ጆ ስካግስ ዕድሜዋ 56 ሲሆን፣ በዚያው ወጥ ቤት ከኦገስት 1995 ጀምሮ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። መርማሪው ሳጅን ኮምስ የሕመም ፈቃድና የጡረታን ነገር ራሱ ቢያውቀውም፣ ፋይሉን የሚያነብ ሌላ ሰው ላያውቀው ይችላል በማለት እንዳስረዳ ጠይቆኛል። የአውራጃው ትምህርት ቤት ሠራተኛ ሠርቶ ለጨረሰው ለእያንዳንዱ ዓመት አሥር የሕመም ፈቃድ ቀን ያገኛል። ያልተጠቀመበት ቀን ይከማቻል። ጡረታ ሲወጣ ሃያው ቀን እንደ አንድ ወር አገልግሎት ይቆጠርለታል፤ ሃያ ያልሞላ ትርፍ ግን ይጣላል። ሠላሳ ዓመት የሞላለት ሰው በማንኛውም ዕድሜ ሙሉ ጡረታውንና የሕክምና ዋስትናውን ይዞ ይወጣል። ያልሞላለት ግን ስልሳ ሁለት ዓመት እስኪሆነው ይጠብቃል። እናቴ በኤፕሪል ወር ካንሰሩ ጉበቷ ላይ እንደተመለሰ ተነግሯታል። ስልሳ ሁለት ዓመት እስኪሞላት ስለመጠበቅ ሐኪሟን ስጠይቀው ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ።

በእኛ አውራጃ የሕመም ፈቃዱን የሚወስድ ሰው የዘር እህሉን እንደበላ ገበሬ ነው የሚታየው። ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም፤ ሁሉም ግን ያከብረዋል። የመንገድ ሥራ ክፍል ሰዎች ትኩሳት ሲይዛቸው መጥተው ይፈርሙና መኪናው ውስጥ ማሞቂያ ለኩሰው ይቀመጣሉ። እኔን ሂሳብ ያስተማሩኝ መምህር የጎድን አጥንታቸው ተሰብሮ ሦስት ሳምንት ሰሌዳውን ተደግፈው አስተምረዋል። በክሊር ክሪክ ወጥ ቤት ደግሞ በስቶሩ ውስጥ፣ ከዱቄት ከረጢቶቹ ጀርባ አንድ ታጣፊ አልጋ አለ። ሠራተኞቹ አዋጥተው የገዙት እኔ ሳልወለድ ነው። ስሙ “ሆስፒታሉ” ነው። ጉንፋን የያዛት፣ ወገቧን ያመማት፣ ያስወረዳት ሁሉ መጥታ ትፈርምና ሆስፒታል ትገባለች፤ የቀሩት ሥራዋን ይሸፍኑላታል፤ በተራቸው ደግሞ ይሸፈንላቸዋል። በሌላ አገር ሰው ለመታመም ቤቱ ይቀራል። እኛ ለመታመም ሥራ እንገባለን።

እናቴ በሃያ ዘጠኝ ዓመት ካገኘችው ሁለት መቶ ዘጠና ቀን ውስጥ የተጠቀመችው አርባ ሦስቱን ነው። ሃያ ሁለቱ አባቴ በሳንባው ታሞ ሲሞት ነው። የቀረው ሁሉ በእኔ ነው፤ ኩፍኝ፣ የክንድ ስብራት፣ ቶንሲል። ለራሷ የወሰደችው አንድም የለም። ስለዚህ ሁለት መቶ አርባ ሰባት ቀን ነበራት። ሁለት መቶ አርባው አሥራ ሁለት ወር ነው። ሃያ ዘጠኝና አንድ፣ ሠላሳ።

በኦክቶበር 2019 እናቴ የጡት ካንሰር ተገኘባትና ኬሞ ጀመረች። መድኃኒቱን የምትወስደው አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ከወጣች በኋላ ነበር። ሰኞና ማክሰኞ ሆስፒታሉ ውስጥ ትተኛለች፤ አንዳንድ ሳምንት እስከ ሐሙስ ድረስ። እንዲህ እስከ ፌብሩዋሪ 2020 ዘለቀች። በየጠዋቱ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሚስ ዊልማ የተገኙትን ሰዎች ሲያስፈርሙ እናቴም ትፈርም ነበር። አቤቱታው “ሐሰተኛ ፊርማ” የሚለው ይህንን ነው።

ሜይ 24 ቀን 2024 በትምህርት ቤቱ ምግብ አዳራሽ የእናቴ መሸኛ ተደረገ። የአውራጃው ትምህርት ቤቶች ምክትል ኃላፊ ሚስተር ጋርላንድ ቬንተርስ የግድግዳ ሰዓት ሸለሟት፤ ከዚያም ድምፅ ማጉያውን ይዘው “ሁለት መቶ አርባ ሰባት ቀን!” ብለው ቁጥሩን አነበቡ። ሰው ተነሥቶ አጨበጨበ። እናቴ ወንበሯን ተደግፋ ቆማ ነበር፤ ለምን እንደተደገፈች የምናውቀው እኔና ሚስ ዊልማ ብቻ ነን።

እኔ በዚያ ሳምንት ለከተማችን ሳምንታዊ ጋዜጣ ጽሑፍ ላክሁ። ጁን 5 ቀን ወጣ። እናቴን ለማክበር ነበር የጻፍሁት፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርሁትን ጌጥ ሁሉ አፈሰስሁበት። ስለ ኬሞው፣ ስለ አልጋው፣ ባልደረቦቿ እንዴት እንደሸፈኑላት አንድም ሳላስቀር ተረክሁ። ለእውነትነቱም ስል ቁጥር ጨመርሁ። እናቴ የተኛችባቸውን ቀናት በግድግዳ ካላንደሯ ላይ በመስቀል ምልክት ታደርግ ስለነበር አንድ በአንድ ቆጠርኋቸው። ስልሳ ሦስት ነበሩ። ማንም መርማሪ አልደከመበትም። ቁጥሩን በነፃ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

ጁን 14 ቀን ለእናቴ ደብዳቤ ደረሳት። ስልሳ ሦስቱ ቀናት እንደ ሕመም ፈቃድ ተቆጥረው መቀነሳቸውን፣ የቀራት አንድ መቶ ሰማንያ አራት ቀን መሆኑን፣ ይህም ዘጠኝ ወር ብቻ በመሆኑ ሠላሳ ዓመት ለመሙላት ሦስት ወር እንደሚጎድላት ይገልጻል። በተጠቀሱት ቀናት በሥራ ላይ እንደነበረች ማስረጃ ካቀረበች ማስረጃ የቀረበለት ቀን ሁሉ እንደሚመለስላት ይጨምራል። በዚያው ቀን ሚስ ዊልማ ከሥራ ታገዱ፤ ጉዳያቸውም ለዚህ ጽሕፈት ቤት ተላለፈ። የሠላሳ አራት ዓመት አገልግሎት አላቸው። ጥፋተኛ ከተባሉ የራሳቸውም ጡረታ ይነካል።

ጁን 17 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ወደ ሚስተር ቬንተርስ ቢሮ ሄድሁ። ወንበር ሰጡኝ።

“ኬልሲ፣ የኔ ልጅ፣ ጽሑፍሽን ሳነብ አለቀስሁ” አሉኝ።

“ደብዳቤውን የጻፉት ከማልቀስዎ በፊት ነው በኋላ?” አልኋቸው።

ፈገግ አሉ። “እይ፣ ጋዜጣ ላይ የወጣን ነገር አላየሁም ማለት አልችልም። ከዋናው ከተማ ኦዲተር ይመጣል፤ የተኛ ሰው ሥራ ላይ ነበር ብዬ ልንገረው? የተኛ ሰው የታመመ ሰው ነው። ይህን ደግሞ የጻፍሽው አንቺው ነሽ።”

“ያንን አልጋ ከዚያ በፊት ሰምተውትም አያውቁም?”

“እኔ የወጥ ቤት ስቶር ውስጥ ምን እሠራለሁ?” አሉኝ። “ደግሞስ ሦስት ወር ምን አላት? ኦገስት ላይ ተመልሳ ትጨርሰው። በሩ ክፍት ነው፤ ወጥ ቤቱ ሰው ይፈልጋል።”

ይህን ያሉት ስለ እናቴ መታመም ሰምተው ነው። የሰሙት ከእኔ ነው፤ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነግሬአቸዋለሁ። በሩን ስወጣ በኃይል ዘግቼዋለሁ። በአቤቱታው ላይ “ንብረት ጎድታለች” የሚል ካለ የበሩ መስተዋት ከዚያ በፊትም የተሰነጠቀ ነበር።

ከዚያ ወደ ሚስ ዊልማ ቤት ሄድሁ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ቦሎቄ ይፈለፍሉ ነበር። ቀና ብለው ሳያዩኝ “ነይ ተቀመጪ፣ ደራሲዋ!” አሉኝ። ከደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። ጎድጓዳ ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት፤ አብሬያቸው መፈልፈል ጀመርሁ።

“አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ” አሉ። “አፍ ስለመዝጋት የሚሰጥ አንድ ኮርስ የለም እንዴ? ወይስ እሱን ዘለልሽው?”

“ሚስ ዊልማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

“ይቅርታሽን አጠራቅሚው፣ የኔ ማር። ሃያው አንድ ወር ይሆንልሻል።”

ሳህኑ እስኪሞላ ፈለፈልን። ስነሣ ክንዴን ያዙና፣ እናቴ ጠዋት እህል ቀመሰች ወይ ብለው ጠየቁኝ። ስለ ራሳቸው ጉዳይ ያሉት ይኸው ነው።

ጁላይ 6 ቀን፣ ቅዳሜ፣ እናቴ ጋራዣችን ውስጥ ያለውን ሰማያዊ ማህደር እንዳመጣላት ጠየቀችኝ። በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ በየቀኑ አንድ ወረቀት ይሞላል። የማቀዝቀዣዎቹ ሙቀት፣ የምግቡ ሙቀት፣ የተሠራው ብዛት፣ የወተቱ ቁጥር፣ ምግብ የማይስማማቸው ልጆች ስምና ምን እንደተሰጣቸው ይሰፍርበታል። የቆዩት ወረቀቶች ባለፈው ዓመት እንዲጣሉ ሲታዘዝ እናቴ ጀርባቸው ንጹሕ ነው ብላ ለዝርዝር መጻፊያ ወደ ቤት አመጣቻቸው። የኖቬምበር 12 ቀን 2019 ጀርባ ላይ የዱባ ኬክ አሠራር አለ። ማህደሩን ዛሬ ለመርማሪው አስረክቤአለሁ።

ስልሳ ሦስቱን ወረቀቶች አውጥተን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋናቸው። ሃምሳ አራቱ ከላይ እስከ ታች በእናቴ እጅ የተጻፉ ናቸው። አልጋው ላይ ሆና ሚስ ዊልማ ቴርሞሜትሩን እያነበቡላት ጽፋቸዋለች፤ ወተቱን በስልክ አዛለች፤ ካሮት በጭኗ ላይ ከትፋለች፤ ኦቾሎኒ የሚገድለውን የሁለተኛ ክፍል ልጅ ሳህን ማንም ሳይነካባት ራሷ ተነሥታ አዘጋጅታለች። አንዳንዱ ቁጥር ከመስመሩ ወጥቷል። ሁሉም ግን ይነበባል። ተኝታ ነበር ማለት ሥራ ላይ አልነበረችም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማቅረብ አልችልም።

የቀሩት ዘጠኙ በእኔ እጅ የተጻፉ ናቸው። ከዲሴምበር 16 እስከ 20 ቀን 2019፣ እንዲሁም ከጃንዋሪ 6 እስከ 9 ቀን 2020፣ ዩኒቨርሲቲው ዕረፍት ላይ ስለነበር ቤት ነበርሁ። በእነዚያ ቀናት እናቴ ብዕር መያዝ አትችልም ነበር። ሽርጧን ታጥቄ ሥራዋን ሠራሁላት፤ እሷ ባልዲ አቅፋ ተኝታ ነበር።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከእናቴ ጋር መጣላታችንን አልደብቅም። መርማሪው የእናቴና የእኔ ጽሕፈት ጎን ለጎን ሲቀመጥ ማየት ይችላል፤ መለየት የሚችል ከሆነ ግን ይገርመኛል። ማንበብና መጻፍ ያስተማረችኝ እሷ ነች፤ ሰባት ቁጥርን እንኳ እንደ እሷ ወገቡ ላይ አሰምርበታለሁ።

“ሁሉንም ያንቺ ነው እንላለን” አልኋት። “ስልሳ ሦስቱንም። ነገሩ ያልቃል፣ ሠላሳ ዓመትሽ ይሞላል፣ በቃ።”

“ዘጠኙን የሠራሽው አንቺ ነሽ” አለች።

“እማ፣ አንጀትሽ እስኪወጣ ስታስመልሺ ነበርኮ!”

“ሳስመልስ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ስትሠሪ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ያልሠራሁበትን ቀን በልቼ አላውቅም፣ አሁን ልሞት ስል አልጀምርም።”

“አትሞቺም። ደግሞ የእነሱ ዓይነት ሰው ፊት ጨዋ መሆን ሞኝነት ነው። እነሱ ስልሳ ሦስት ሲወስዱብሽ አፈሩ?”

እናቴ ከዘጠኙ መካከል አንዱን ወረቀት መርጣ አነሣችና ወደ እኔ አዞረችው። የጃንዋሪ 8 ቀን ነበር። “ጋርላንድ ቬንተርስ ስቶሩ የገባው በየትኛው ቀን ነው?” አለችኝ። “አንቺ ባለሽበት ቀን ነው። ይህ ወረቀት የእኔ ነው ካልሽ፣ አንቺ እዚያ አልነበርሽም። አንቺ ካልነበርሽ ደግሞ እሱ አልገባም። ከዚያ ዊልማ ብቻዋን ነው የምትቆመው።”

ስለ ጃንዋሪ 8 ቀን 2020፣ ረቡዕ፣ በዓይኔ ያየሁትን እንደሚከተለው አስረዳለሁ። ረቡዕ ዳቦ የሚጋገርበት ቀን ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ሚስተር ቬንተርስ በኋላ በር ገቡ። ሚስ ዊልማና ሌሎቹ ሴቶች ሲያዩአቸው አልደነገጡም፤ በየረቡዑ ይመጡ ነበርና። ከመጋገሪያው ሁለት ትኩስ ዳቦ ሰጧቸው። “ማሩስ የታለ?” ብለው ጠየቁ። ሚስ ዊልማ እጃቸው ሊጥ ስለነበር እኔን “ስቶር ውስጥ ነው፣ አምጪላቸው” አሉኝ። እኔ ገና እጄን በሽርጤ ስጠርግ እሳቸው ቀድመው ስቶሩን ከፈቱ። እኔም ተከተልሁ። እናቴ ታጣፊው አልጋ ላይ ነበረች፤ ፀጉር አልነበራትም፣ ባልዲው ከራስጌዋ ነበር። ለመነሣት ሞከረች።

“አትነሺ፣ አትነሺ፣ ዶና ጆ” አሏት። “ማሩ የት እንዳለ አውቃለሁ።”

ከዚያም በእሷ ላይ ተንጠራርተው ማሩን ከመደርደሪያው አወረዱ። ክራቫታቸው ፊቷን ነካው። ሲወጡ በሩን በቀስታ ዘጉና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው “እናትሽ ፈቃዷን የምታባክን ሴት አይደለችም። ከእሷ ተማሪ” አሉኝ። ከዚያም ዳቧቸውን በሉ።

ይህ የእኔ ቃል ብቻ እንዳይሆን የወረቀቱን ግርጌ ማየት ይቻላል። ተማሪ ላልሆነ ሰው የተሰጠ ምግብ እንዲመዘገብ መመሪያው ያዛል። እናቴና ሚስ ዊልማ ይህን መመሪያ ለሃያ ዓመት ንቀውታል፤ ለእንግዳ የሰጡትን መጻፍ ነውር ነው ብለው። እኔ ግን የሃያ አንድ ዓመት ተማሪ ነበርሁና ቅጹ ላይ ባዶ ቦታ ማየት አልወድም ነበር። “ለእንግዳ የተሰጠ” በሚለው ቦታ ላይ “ዳቦ ሁለት፣ ማር፣ ሚስተር ጂ. ቬንተርስ፣ አራት ሰዓት ከአምስት” ብዬ ጽፌአለሁ። የወሩ መጨረሻ የሰዓት ፊርማ ማጠቃለያ ደግሞ በአውራጃው ቢሮ ይገኛል፤ የሚስ ዊልማ ፊርማ ካለበት በታች የማን ፊርማ እንዳለ መርማሪው እንዲያስመጣ እጠይቃለሁ። ሚስ ዊልማ ሐሰት ጽፈዋል ከተባለ፣ ያንን ሐሰት እያዩና ማር እየቀቡ ያጸደቁት ሰው በአቤቱታው ላይ “ተበዳይ” ተብለው መጻፋቸው ይስተካከል።

መርማሪው ሚስ ዊልማ እናቴን እንድትፈርም አስገድደዋታል ወይ ብሎ ጠይቆኛል። አላስገደዷትም። ጥቅም አግኝተዋል ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ያገኙት ጥቅም የአንድ ሰው ሥራ በራሳቸው ላይ ተጨምሮ ለአራት ወር መሥራት ነው። እንዲሁም ይህ አሠራር ስሕተት ይመስለኛል ወይ ብሎ ጠይቆኛል። አዎ፣ ስሕተት ነው። የታመመ ሰው ልጆች የሚበሉበት ቤት ውስጥ ባልዲ ይዞ መተኛት የለበትም፤ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ይህ አይጠፋኝም። የታመመች ሴት ጤነኛ መስላ ሥራ ለመግባቷ ሽልማት የሚሰጥ ደንብ ግን ያወጣው ወጥ ቤቱ አይደለም። ሽልማቱንም በድምፅ ማጉያ ያነበቡት ሚስ ዊልማ አይደሉም። መርማሪው ራሱ በክሊር ክሪክ ስድስት ዓመት የበላው ከእነዚህ ሴቶች እጅ ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር መጻፍ አስፈላጊ አይደለም ብሎኛል። እንዲጻፍ ጠይቄአለሁ፤ ተጽፏል።

በመሆኑም ከስልሳ ሦስቱ ቀናት ሃምሳ አራቱ የእናቴ የሥራ ቀናት መሆናቸውን፣ ዘጠኙ ግን አለመሆናቸውን አረጋግጣለሁ። ዘጠኙ ከሁለት መቶ አርባ ሰባት ሲቀነሱ ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ይቀራል። ሁለት መቶ አርባ ለመሙላት ሁለት ቀን ይጎድላል። ሁለት ቀን ጎደለ ማለት አንድ ወር ጎደለ ማለት ነው። እናቴ ይህን አውቃ ነው ዘጠኙን መልሺ ያለችኝ። እኔ በዚያ ምሽት ሳህን ሰብሬአለሁ።

በማግሥቱ እሁድ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ እኔ ካላንደሩን ከግድግዳ አውርጄ እየቆጠርሁ ነበር። ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ቀን አሥራ አንድ ወር ከአሥራ ስምንት ቀን ነው። አሥራ ስምንቱ ሃያ ስላልሞሉ ይጣላሉ፤ ጡረታ ከወጣች ለማንም አይጠቅሙም። ሚስተር ቬንተርስ ደግሞ ተመልሳ ትሥራ፣ በሩ ክፍት ነው ብለዋል። የሥራ ወር ሃያ ቀን ነው። በሕመም ፈቃድ ላይ ያለ ሠራተኛ አገልግሎቱ እንደማይቋረጥ ራሳቸው በፈረሙበት የሠራተኞች መመሪያ ገጽ 31 ላይ ተጽፏል። ካላንደሩን ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አየችው።

“ሁለት ቀን እሠራለሁ?” አለች።

“ሁለት ቀን።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ትታመሚያለሽ፣ እማ። እንደ ሰው ቤትሽ ትታመሚያለሽ።”

እናቴ የጡረታ ማመልከቻዋን ጁላይ 10 ቀን በጽሑፍ ሰርዛለች። ኦገስት 12 ቀን ሰኞ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በክሊር ክሪክ ወጥ ቤት ትገኛለች። ሰኞና ማክሰኞን ትቆማለች፤ መቆም ባትችል በወንበር ትቀመጣለች፤ አልጋው ላይ ግን አትተኛም። የማደርሳት እኔ ነኝ። ከረቡዕ ጀምሮ አሥራ ስምንት ቀን ፈቃዷን ትወስዳለች። ሁለትና አሥራ ስምንት ሃያ ነው፤ የጎደለው አንድ ወር ይሞላል። የሐኪም ወረቀት ከተጠየቀ ስድስት አለን። ይህን አስቀድሜ በፖሊስ መዝገብ ላይ የማሰፍረው፣ ኋላ ማንም በጋዜጣ አነበብሁ፣ ደነገጥሁ፣ አለቀስሁ እንዳይል ነው። ባለፈው እናቴን የጎዳት ሕመሟን ስውር አድርጋ መያዟ ነው። አሁን ይታወቅ።

የሚቀረው አንድ ነገር የስልክ ጥሪው ነው። የታመመ ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት በፊት ደውሎ ለአለቃው በራሱ አፍ መናገር አለበት። የእናቴ አለቃ ሚስ ዊልማ ናቸው፤ እሳቸው ከታገዱ ወዲህ ግን የወጥ ቤቱ ጥሪ የሚደርሰው ሚስተር ቬንተርስ ስልክ ላይ ነው። ትናንት ጠዋት ሳሎን ውስጥ ሆኜ እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን ስትናገር ሰማኋት። የማይሠራውን አሮጌ ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትለማመድ ነበር። “ጋርላንድ፣ ዶና ጆ ነኝ” ትልና ትቆማለች። እንደገና ትጀምራለች። “ጋርላንድ፣ ዶና ጆ ነኝ። ዛሬ...” ትልና ትቆማለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያልተባለ ቃል በአንድ ቀን አይወጣም። በአራተኛው ወጣላት። “ዛሬ ታምሜአለሁ” አለች። ከዚያ ስልኩን አስቀመጠችና፣ እኔ እንደምሰማት አውቃ፣ “አየሽ፣ ይሄን ያህል አይከብድም” አለችኝ።

ለጉዳዩ የማውቀው ይህን ነው። ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ፣ “እናቴ ታማ ከሥራ የቀረችባቸው” የሚለውን “ሥራ ላይ የታመመችባቸው” በሚል አሳርሜ፣ ሌላው እኔ ያልሁት መሆኑን አይቼ፣ አንድም የጨመርሁት ወይም ለእናቴ ስል የቀነስሁት አለመኖሩን፣ ለእናቴ ስል መቀነስ ፈልጌ የነበረውንም መናገሬን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ኬልሲ አን ስካግስ

ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ዳሬል ኮምስ (ፊርማ)
ቃሉ የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ
አባሪ፦ አንድ ሰማያዊ ማህደር፣ ስልሳ ሦስት ገጽ። በምስክሯ ጥያቄ የኖቬምበር 12ቱ ጀርባ ኮፒ ተደርጎ ለእናቷ ተመልሷል።